ቶዳዎችን ለማወቅ ወተቱን መከተል

በደቡብ ሕንድ ተራሮች ላይ ስለሚኖረው የቶዳ ሕዝብ ሲወራ ሦስት ነገሮች ይደጋገማሉ። አንደኛው ለሁለት ተሰንጥቆ የተደፋ በርሜል የሚመስለው ቤታቸው ነው። ሁለተኛው አንዲት ሴት ወንድማማቾችን ታገባ የነበረበት የትዳር ሥርዓት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከየት እንደ መጡ የማይታወቅ ምስጢራዊ ሰዎች ናቸው የሚለው ወሬ ነው። ሦስቱም ላይ ስሕተት ይበዛል፤ ምክንያቱም ሁሉን ከሚያያይዘው ነገር፣ ከወተት፣ ተነጥለው ነው የሚነገሩት። የቶዳ እምነት፣ የሥራ ክፍፍል፣ የመንደር አሠራር፣ ልቅሶና ጉርብትና የሚዞሩት የጎሽ ወተት ታልቦ፣ ረግቶ፣ ተንጦና ተነጥሮ ሰው አፍ እስኪደርስ በሚያልፍበት መንገድ ዙሪያ ነው። ይህ ማብራሪያም ያንን መንገድ ይከተላል።

የሚኖሩት የት ነው? ስንትስ ናቸው?

አገራቸው በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት ያሉት የኒልጊሪ ተራሮች ናቸው። ኒልጊሪ ማለት ሰማያዊ ተራራ ማለት ነው። ከዙሪያው ቆላ ድንገት ብድግ የሚል አምባ ሲሆን ከፍተኛው ጫፉ ዶዳቤታ 2,637 ሜትር ይደርሳል። የአካባቢው ዋና ከተማ ኡቲ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ለአዲስ አበባ የቀረበ ከፍታ ነው። ስለዚህ ሕንድ ሲባል የሚታሰበው ሙቀት እዚያ የለም። ጭጋግ፣ ዝናብና ንፋስ አለ፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል።

ቁጥራቸው ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በተደረገው ቆጠራ 800 ገደማ ነበሩ፤ በ2011 ደግሞ 2,000 ገደማ። የሚኖሩት “ሙንድ” በሚባሉ ትናንሽ መንደሮች ነው። አንድ ሙንድ ጥቂት ቤቶች፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የወተት ቤት፣ የጎሽ በረትና የጥጃ ማደሪያ ያለው ሰፈር ነው። የኡቲ ሙሉ ስም የነበረው “ኡታካሙንድ” ራሱ መጨረሻው ላይ ይህንኑ ቃል ይዟል፤ ከተማዋ የተሠራችው በቶዳ ግጦሽ ላይ መሆኑን ስሟ ይመሰክራል።

ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ ቋንቋቸው መልስ ይሰጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን ጢማቸውንና ቁመታቸውን አይተው የጠፉት የእስራኤል ነገዶች ወይም የሮማውያን ዘሮች ናቸው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ነገር ግን የቶዳ ቋንቋ እንደ ታሚልና ካነዳ ሁሉ በደቡብ ሕንድ ከሚነገሩት ድራቪዳዊ ከሚባሉ ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው፤ ከዘመዶቹ የተለየው እዚያው ደቡብ ሕንድ ውስጥ፣ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ለጆሮ እንግዳ የሚያደርገው በፉጨትና በሹክሹክታ የሚወጡት ድምፆቹ መብዛታቸው ነው።

የትኛው ጎሽ ነው?

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ መጠንቀቅ አለበት። ጎሽ ስንል በእኛ አገር ጫካ የሚኖረው፣ ማንም አልቦት የማያውቀው አውሬ ነው የሚታሰበን። የቶዳው ከእስያ የቤት ጎሽ ወገን ነው፤ ለሺህ ዓመታት ሲታለብ የኖረ እንስሳ። ቢሆንም ከሜዳው የሕንድ ጎሽ ይለያል። አካሉ ረዘም ያለ ነው፤ ጠጉሩ ለብርዱ ወፈር ይላል፤ ቀለሙ አመድማ ወይም ቡላ ነው፤ ቀንዱ ወደ ጎን ሰፋ ብሎ ይወጣና እንደ ጨረቃ ግማሽ ይታጠፋል። ቀኑን ሙሉ ያለ እረኛ ይሰማራል። ባለቤቱ ሲጠራው ይመጣል፣ እንግዳ ሲያይ ግን ይወጋል። ነብር በሚኖርበት አገር ያለ እረኛ የሚያድነውም ይኸው ቁጣው ነው። የወተቱ መጠን ብዙ አይደለም፤ ስቡ ግን 8 በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ ከላም ወተት እጥፍ ማለት ነው።

መንጋው በሁለት ይከፈላል፤ ተራ የቤት ጎሾችና የተቀደሱ ጎሾች። የተቀደሱትም እንደ ገና በደረጃ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ወተቱ የሚገባበት የራሱ የወተት ቤት አለው። ቅድስናው የሚወረሰው በእናት ነው፤ ከተቀደሰች እናት የተወለደች ጊደር የተቀደሰች ናት፤ ወንዱ የየትኛው መንጋ መሆኑ አያስጨንቅም። ሴቶቹ ጎሾች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። አንዳንዶቹ የዘር ሐረጎች የራሳቸው ጥንታዊ ደወል አላቸው፤ በሥርዓት ቀን የሚወጣ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ።

ይህ ሁሉ ከየት እንደ መነጨ የሚተርከው አፈ ታሪካቸው እንዲህ ይላል። ኦን የተባለው አምላክ ከምድር 1,600 ጎሾችን አወጣ፤ ሚስቱ ደግሞ 1,800። የኦን የመጨረሻዋ ጎሽ ስትወጣ ጭራዋን የያዘ ሰው ተከትሏት ብቅ አለ፤ የመጀመሪያው ቶዳ እሱ ነበር። ሰው ከጎሽ በኋላ፣ በጎሽ ጭራ ተስቦ ወደ ዓለም መጣ ማለት ነው። የቶዳን ኑሮ በአንድ ሥዕል አስረዳ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ወተቱ እንዴት ይሠራል? ለምንስ ይህን ያህል ይጠነቀቁለታል?

መሠረታዊው ሐሳብ ይህ ነው፤ ከተቀደሰች ጎሽ የታለበ ወተት እንዳለ ለሰው አይሰጥም። መጀመሪያ መርጋት፣ ከዚያ መናጥ፣ ወደ ቅቤና አሬራ መለየት አለበት። በየደረጃው ቅድስናው እየቀነሰ ይሄድና መጨረሻ ላይ ማንኛውም ሰው የሚበላውና የሚሸጠው ነገር ይሆናል። የወተት ቤት ሥራው ይህን ማሸጋገር ነው። ቤተ መቅደስ የሚሉትም ለዚህ ነው፤ የጸሎቱ ቦታና የመናጫው ቦታ አንድ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። አገልጋዩ ታጥቦ ይገባል፣ መብራቱን በንጥር ቅቤ ያበራል፣ እሳቱን ያነቃቃል፣ ትናንት ያደረውን የረጋ ወተት ይንጣል። መናጫው እንደ እኛ አገር ቅል ወይም እንስራ የሚወዘወዝ አይደለም። ማሰሮው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ጫፉ የተሰነጣጠቀ የቀርከሃ ዘንግ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዘንጉ ከቆመ ምሰሶ ጋር ይያዝና በተጠመጠመበት ገመድ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተሳበ ይሽከረከራል። በብርድ ማለዳ እርጎው በጣም ከቀዘቀዘ ቅቤው አይሰባሰብም፤ ከልክ በላይ ከሞቀ ደግሞ ቅቤው ይለሰልስና ከአሬራው አልለይ ይላል። ቅቤው ከወጣ በኋላ አገልጋዩ ወደ በረቱ ሄዶ በቀርከሃ ማለቢያ ያልባል። ጥጃው መጀመሪያ ይጠባል፣ እናቲቱ ወተቷን ስትለቅ ይወሰዳል። አዲሱ ወተት ማሰሮ ውስጥ ይፈስና ካለፈው ቀን የተረፈ አሬራ ይጨመርበታል። ማታም እንዲሁ።

ይህቺ የምትጨመረው አሬራ “ፔፕ” ትባላለች፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሷ ናት። እንጀራ የሚጋግር ሰው በቀላሉ ይረዳታል፤ እርሾ ናት። የዛሬው እርጎ በትናንቱ፣ የትናንቱም በከትናንት ወዲያው ፔፕ የረጋ ስለሆነ በአንድ የወተት ቤት ያለው ፔፕ ሳይቋረጥ ከአባቶች ዘመን የመጣ ነው። ቤቱ በሌባ፣ በእሳት ወይም ባልተፈቀደለት ሰው ንክኪ ከረከሰ የሚደርሰው ጉዳት የአንድ ቀን ወተት ማጣት ብቻ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። ያን ጊዜ አዲስ ፔፕ ለማስጀመር ራሱን የቻለ ረጅም ሥርዓት ይፈጸማል። በሩቁ ለሚያይ ሰው ከልክ ያለፈ የሚመስለው ጥንቃቄ ሁሉ ይህን እርሾ የመጠበቅ ጥንቃቄ ነው።

የወተት ቤቱ በግድግዳ ለሁለት ይከፈላል። በውስጠኛው ክፍል ከጎሹ የታለበው ወተት በቀጥታ የሚነካቸው ዕቃዎች ይቀመጣሉ። በውጪኛው ክፍል ቅቤና አሬራ ወደ ሰው የሚወጡባቸው ዕቃዎች አሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብላ መከፈሏን የሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ አይጠፋውም። ከፍተኛ ደረጃ ባላቸው የወተት ቤቶች ደግሞ የውስጡ ዕቃ የውጪውን እንዳይነካ በመካከል ሦስተኛ ዕቃ አለ፤ ከውስጡ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ውጪው ይገለበጣል። በአንድ መጥለቂያ ሁለቱንም መንካት ውስጡን ማርከስ ነው።

ቅቤው በቂ ሲሆን ይነጠራል። ቅመም የሚባል አይገባበትም፤ ሩዝ ወይም እህል ይጨመርበታል። እህሉ አጓቱንና ዝቃጩን ይዞ ወደ ታች ይቀራል፤ ከላይ ጥሩው ንጥር ይጠለላል፣ የተቀመጠው ዝቃጭ ደግሞ ይበላል። ውኃ ከቀረበት ንጥሩ ቶሎ ይሻግታል፤ እሳቱ ከበዛ ዝቃጩ ያርርና ሽታው ወደ ንጥሩ ይገባል።

ማለብ፣ መናጥና ማንጠር የወንዶች ሥራ ነው። ሴቶች ወደ ወተት ቤቱ አይጠጉም፤ አሬራ የሚቀበሉት በተለየ መንገድ ሄደው በተወሰነ ቦታ ቆመው ነው። የቤት ጎሾች ወተት ግን መኖሪያ ቤት ውስጥ ይናጣል፤ እዚያም ቢሆን መናጫው ያለበት የፊት ለፊት ክፍል የወንዶች ነው። ይህ ክልከላ በጣም ጥብቅ ነው፣ ዛሬም በአብዛኛው ይከበራል።

አገልጋዩ ማነው? ምን ዓይነት ሕይወት ይኖራል?

ቶዳዎች ታርታርና ቴይቫሊ የሚባሉ ሁለት ወገኖች ናቸው። በቀድሞው ሥርዓት አንዱ ከሌላው አያገባም። እያንዳንዱ ወገን ብዙ ጎሳዎች አሉት፤ ጎሳው የሚጠራው በዋናው ሙንድ ስም ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የወተት ቤት “ቲ” የታርታር ጎሳዎች ንብረት ነበር፤ የሚያገለግለው ሰው ግን የሚመጣው ከቴይቫሊ ነው። ባለቤቱ አንድ ወገን፣ አገልጋዩ ሌላ ወገን ማለት ነው፤ ያለ አንዱ ሌላው አይቆምም።

የቲ አገልጋይ “ፓሎል” ይባላል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሪቨርስ እ.ኤ.አ. በ1901 እና በ1902 እዚያ በነበረበት ጊዜ የመዘገበው ሥርዓት እንዲህ ነበር። ፓሎል ከሚስቱ ተለይቶ ይኖራል። ጠጉሩንና ጥፍሩን አይቆርጥም። በድልድይ አይሻገርም፤ ወንዙን የሚሻገረው በመልካው ገብቶ ነው። ተራ ሰው ወደ እሱ ሊመጣ የሚችለው ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው፤ በሌላ ቀን የመጣ ሰው ርቆ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። ዘመዱ ቢሞት ለቅሶ መሄድ አይችልም፤ ከሄደ ሹመቱን ጥሎ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለ ቲ የለም። ዝቅ ያሉት የወተት ቤቶች ግን አሉ፣ አገልጋዮቻቸውም በየተራ ይሾማሉ። የቲው መዘጋት ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም፤ እንዲህ ያለውን ሕይወት ለዓመታት የሚሸከም ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ጸሎቱ ራሱ በስሞች የተሠራ ነው። የወተት ቤቱ፣ የጎሾቹ፣ የኮረብታው፣ የምንጩ፣ የበረቱ የክብር ስሞች አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ “ስለ እርሱ ብለህ” የሚል ትርጉም ያለው ቃል ከጉሮሮ ይወጣል። ከዚያ ልመናው ይከተላል፤ ለጎሾቹ ደኅንነት፣ በሽታ እንዳይመጣ፣ አውሬ እንዳይነካቸው፣ ሣርና ውኃ እንዲኖር። የሚጠሩት ኮረብታዎች ዛሬም በእግር የሚደረስባቸው እውነተኛ ቦታዎች ናቸው፤ ጸሎቱን በቃሉ የያዘ ሰው የአገሩን ካርታ ይዟል።

ቤቱ ለምን እንዲያ ሆነ?

መጀመሪያ አንድ መለያየት ያስፈልጋል። በየቦታው የሚዞረው፣ ፊት ለፊቱ በድንጋይ ወይም በጣውላ የተዘጋው ቅስት ቤት ፎቶ ብዙ ጊዜ የወተት ቤት እንጂ ቤተሰብ የሚኖርበት አይደለም። የሁለቱ ቅርጽ ግን አንድ ነው። እንደ ሾጣጣ ቆብ ወደ ላይ የሚወጡ ሌላ ዓይነት የወተት ቤቶችም ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ በደንብ የሚታወቀው ከኡቲ አጠገብ በሙታናድ ሙንድ የቆመው ነው።

ባህላዊው መኖሪያ ቤት ወደ 5.5 ሜትር ርዝመት፣ 2.7 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ቁመት አለው። ሲሠራ ወፍራም ቀርከሃ ከግራ ወደ ቀኝ ይቀለበስና ቅስት ይሆናል። በቅስቶቹ ላይ ቀጫጭን ቀርከሃና ራታን የሚባለው ጠንካራ ሐረግ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይታሰራሉ፤ በዚያ ላይ ደረቅ ሣር ይከደናል። ጣሪያና የጎን ግድግዳ የሚባል ልዩነት የለም፤ ክዳኑ እስከ መሬት ይወርዳል። ዝናቡ ሳይቆም ይንሸራተታል፣ ንፋስም የሚይዘው ጠርዝ አያገኝም። ሐረጉ ላልቶ ከታሰረ ሣሩ ይንሸራተትና ውኃ ማስገባት ይጀምራል፤ አንዴ የራሰ ሣር ቶሎ ይበሰብሳል።

በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚገባው በዳዴ ነው። ሙቀት እንዳይወጣ፣ አውሬም ዘሎ እንዳይገባ ያግዛል። ውስጡ በአንድ ወገን ከፍ ያለ የመኝታ መደብ፣ በሌላው ምድጃ አለ። ወለሉ ላይ እህል የሚወቀጥበት ጉድጓድ ይገኛል፤ የወንዶቹን የመናጫ ቦታ ከቀረው ቤት የሚለየውም እሱ ነው። ዛሬ አብዛኛው ቤተሰብ በግንብና በቆርቆሮ ቤት ይኖራል፤ ቅስቱ የቀረው በዋናነት ለወተት ቤቶች ነው።

እህሉንና ማሰሮውን ከየት ያመጡ ነበር?

ቶዳዎች አያርሱም፣ ብረት አይቀጠቅጡም፣ ሸክላም አይሠሩም ነበር። ሥጋም፣ በሥርዓት ከሚታረድ ጥጃ በቀር፣ አይበሉም። ይህ የሚቻለው ጎረቤት ስላለ ነው። በአምባው ላይ የሚያርሱት ባዳጋዎች እህል ይሰጣሉ። ኮታዎች ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ሙዚቀኛ ናቸው፤ ቢላዋውን፣ ማሰሮውንና በልቅሶ የሚነፋውን ዜማ ያመጣሉ። በቁልቁለቱ ጫካ የሚኖሩት ኩሩምባዎች ማርና የጫካ ዕቃ ያመጣሉ፤ በአስማታቸውም ይፈራሉ። ከቶዳ የሚወጣው ቅቤና የጎሽ ሥጦታ ነው። ግንኙነቱ የገበያ ሳይሆን የቤተሰብ ለቤተሰብ ነበር፤ የአንዱ አባት ደንበኛ የልጁም ደንበኛ ነው።

ስለ ትዳሩ የሚባለው እውነት ነው?

ነበር፤ አሁን የለም። አንዲት ሴት አንዱን ወንድም ስታገባ የወንድሞቹም ሚስት ትሆን ነበር፤ መንጋውና ቤቱም ሳይከፋፈል ይቆይ ነበር። ከዚህ ጋር ሴት ሕፃናትን የመግደል ልማድ እንደ ነበረ ይታወቃል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ቅኝ ገዢ መንግሥት ከተከለከለ በኋላ የሴቱና የወንዱ ቁጥር እየተቀራረበ ሄደ፣ የብዙ ባል ትዳርም ቀስ በቀስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጠፋ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዛሬም ያለውና ሊታወቅ የሚገባው የቀስት ሥርዓት ነው። የልጁ አባት ማነው ለሚለው መልስ የሚሰጠው ደም ሳይሆን ይህ ሥርዓት ነው። ሴቲቱ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ሰው ተሰብስቦ ወደ ጫካው ዳር ይሄዳል። ከአንድ ትልቅ ዛፍ ግንድ ላይ ትንሽ መስኮት መሳይ ይጠረባል፤ በውስጡ በንጥር ቅቤ የምትበራ ትንሽ መብራት ትቀመጣለች። ባልየው ከአንድ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ የመጫወቻ የምታህል ቀስት፣ ከሣር አገዳም ፍላጻ ይሠራል። ለሚስቱ ይሰጣታል፤ እሷም የቀስቱን ስም ትጠይቃለች፣ እያንዳንዱ ጎሳ ለቀስቱ የራሱ ስም አለውና። ከዚያ ወደ ግንባሯ ከፍ አድርጋ መብራቷን ትመለከታለች፣ እስክትጠፋ ድረስ። ቀስቱን የሰጠው ሰው የልጁ አባት ነው፤ ሌላ ሰው ሌላ ቀስት እስኪሰጥ ድረስ ከዚያ በኋላ የሚወለዱትም የእሱ ናቸው። ቀስት ያልተሰጠለት ልጅ ጎሳ የለውም፤ ስለዚህ ዛሬ አንድ ለአንድ ተጋብተው፣ ዘመናዊ ሥራ ይዘው የሚኖሩ ባልና ሚስትም ይህችን ቀን አይዘሉም።

ሞት ሲመጣስ?

ሟቹ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ሙታን የሚኖሩበት ዓለም በዚያ ነው። የሚያልፈውም በሙኩርቲ ተራራ በኩል ነው፤ 2,554 ሜትር ከፍታ ያለው፣ አንድ ወገኑ የተገመሰ የሚመስል ጫፍ። በዚያኛው ዓለምም ኑሮው ያው የጎሽ ኑሮ ስለሆነ ሟቹ ጎሽ ያስፈልገዋል። በልቅሶው ቀን ጎበዛዝት የተቆጣችውን ጎሽ ሮጠው በቀንዷና በአንገቷ ተንጠልጥለው ያስቆማሉ። ከታረደች በኋላ አስከሬኑ ወደ እሷ ይጠጋል፣ እጁ ቀንዷን እንዲነካ ይደረጋል። ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ግንባራቸውን ገጥመው ያለቅሳሉ። ከዚያ አስከሬኑ በጥልፍ ኩታ ተጠቅልሎ፣ ለመንገዱ እህልና ሳንቲም ተይዞለት ይቃጠላል።

በቀድሞ ጊዜ ልቅሶው ሁለት ነበር። እርጥቡ የሚባለው የማቃጠሉ ቀን ነው። ከወራት በኋላ፣ ከሟቹ በተቆረጠ ጠጉር ላይ የሚፈጸመው ደግሞ ደረቁ ይባላል፤ በእኛ ዘንድ ከተዝካር ጋር ሊመሳሰል ይችላል፣ ቁርባንና ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም። በሁለተኛው ብዙ ጎሽ ይታረድ ስለነበር የቅኝ ገዢው መንግሥት ቁጥሩን ገደበው፣ ኋላም ደረቁ ልቅሶ ቀረ።

ሴቶቹ የሚሠሩት ጥልፍ

ኩታው “ፑትኩሊ” ይባላል። ነጭ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ሆኖ ቀይና ጥቁር ጥለት አለው፤ ወንድም ሴትም እንደ ጋቢ ይደርቡታል። ጨርቁን የሚሸምኑት ሌሎች ናቸው፤ ጥልፉ ግን የቶዳ ሴቶች እጅ ሥራ ነው፣ ስሙም “ፑኩር”።

በጨርቁ ላይ ንድፍ አይሣልም፣ መወጠሪያ ፍሬምም የለም። ጠላፊዋ በመርፌ የድርና የማጉን ክር እየቆጠረች ትሄዳለች፤ ይህን ያህል ክር ዝለል፣ ይህን ያህል አንሣ። በዋናነት ቀይና ጥቁር ክር ነው የምትጠቀመው። ክሩን ጥብቅ አድርጋ አትስብም፤ ትንሽ ጉብ እንዲል ትተወዋለች፣ ጥልፉ ተዳስሶ የሚታወቅ ወፈር ያለ ገጽ የሚያገኘው በዚህ ነው። ከጠበቀ ጨርቁ ይሸበሸባል። አንዲት ክር በቆጠራ ከተሳሳተች ስሕተቱ እዚያ አይቀርም፤ ቀጥሎ ያለውን መስመር ሁሉ ይገፋዋል፣ የጎሹም ቀንድ ሚዛኑን ያጣል። ያን ጊዜ እስከ ስሕተቱ ድረስ መፍታት እንጂ ማረሚያ የለም። ሁለቱም ገጽ የሚለበስ ይመስላል፤ ባለቤቶቹ ግን ጉብታው የሚታይበትን፣ እንግዳ ሰው “የኋላው ነው” የሚለውን ገጽ ነው ወደ ውጭ የሚያደርጉት። እ.ኤ.አ. በ2013 ይህ ጥልፍ በሕንድ የመልክዓ ምድር ስያሜ ጥበቃ አግኝቷል፤ ሌላ ቦታ የተሠራ ነገር በቶዳ ጥልፍ ስም መሸጥ አይፈቀድም ማለት ነው።

ይህን ኑሮ የሚያስቸግረው ምንድን ነው?

ሣሩ። የኒልጊሪ አምባ ሰፊ የሣር ሜዳና በየሸለቆው የተሰበሰበ ትንንሽ ደን ነው። ደኑ “ሾላ” ይባላል፤ ከእኛ ሾላ ዛፍ ጋር የስም ግጥምጥሞሽ እንጂ ዝምድና የለውም። ጎሾቹ በደረቁ ወራት፣ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ዝናብ ወደሚበዛበት ወደ ምዕራብ ይወሰዱ ነበር፤ የወተት ቤቱ ዕቃም አብሮ ይጓዛል፣ እዚያ የሚጠብቅ ሌላ ሙንድ አለና።

እ.ኤ.አ. በ1819 የአጎራባቹ የኮይምባቶር አውራጃ እንግሊዛዊ አስተዳዳሪ የነበረው ጆን ሰሊቫን ወደ አምባው ወጣ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ኡቲ የእንግሊዞች የበጋ ማረፊያ ሆነች። ሰሊቫን ራሱ መሬቱ የቶዳዎች ነው ብሎ የተከራከረ ሰው ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ሣሩን ባዶ መሬት ብለው ቆጠሩት። ሻይ ተተከለ፣ ባሕር ዛፍ ተተከለ፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ዋትል የሚባለው ግራርም ተተከለ። ከሕንድ ነፃነት በኋላም የዛፍ ተከላው ለፋብሪካ እንጨት ቀጠለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ሣር እንደማይበቅል ያየ ገበሬ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ግጦሹ ሲጠብ መንጋው ቀነሰ። ብዙ ቤተሰቦች ወደ ድንች፣ ካሮትና ጎመን እርሻ ዞሩ፤ ወተቱም በየከተማው ይሸጣል፣ ልጆች ተምረው በሌላ ሥራ ይሠማራሉ፣ ጥቂቶች ክርስቲያን ሆነዋል። ይህ ማለት ግን ሥርዓቱ ሞቷል ማለት አይደለም። በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር መጀመሪያ ወንዶቹ ለሞድዌት በዓል በሙታናድ ይሰበሰባሉ፤ ኩታቸውን ደርበው በክብ እየዘፈኑ ይዞራሉ፣ ጎበዛዝቱም ክብ ድንጋይ ከመሬት አንሥተው ትከሻቸው ላይ ለማድረስ ይሞክራሉ።

የወተት ቤት ክዳን ሲያረጅ ችግሩ በግልጽ ይታያል። በማንኛውም ሣር አይከደንም፤ የሚፈለገው “አቭፉል” የሚባለው፣ በእነዚያ ተራሮች ረግረግ ላይ የሚበቅለው ሣር ነው። ረግረጉ ሲደርቅ ወይም ዋትል ሲወርሰው አቭፉሉ አብሮ ይጠፋል፤ አጫጆቹም ሩቅ ሄደው ጥቂት ሸክም ይዘው ይመለሳሉ። ዋትሉን ቆርጦ መጣል ብቻውን አይረዳም። ዘሩ አፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ዛፉ በተቆረጠ ማግስት ፀሐይ ያገኘው መሬት ችግኝ ያፈላል። ረግረጉን መመለስ የሚፈልግ ሰው በየዓመቱ ከዝናቡ በኋላ ተመልሶ፣ ችግኙ ገና በእጅ የሚነቀል ሳለ፣ ከነሥሩ መንቀል አለበት።